የራዲያተሩ አፍ

ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ውኃ ለምን ልኩን እንደሚፈልግ፣ አየር ለምን ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ሙቀት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በጠመኔ እየሣልኩ አስረድቼ፣ «ያልገባው እጁን ያውጣ» ብዬ፣ ማንም ሳያወጣ ሲቀር ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። አሁን ሳስበው እጁን ማውጣት የነበረበት ሰሌዳው አጠገብ የቆመው ሰውዬ ነው።

የምጽፈው ስለ መኪናዬ ነው። ስለ መኪናዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጎረቤት አውርቼው ይበቃኝ ነበር። ስለ ታላቅ እህቴ ዓይንም ነው። ሁለቱ በተፈጥሯቸው አይገናኙም፤ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ።

መኪናዋ አሮጌ ፒካፕ ናት። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ነው የገዛኋት። እንጅባራ ውስጥ «ከመምህሩና ከመኪናዋ ማን ቀድሞ ይቆማል» እየተባለ እንደሚወራ ሰምቻለሁ፤ ወሬውን መጀመሪያ ያስወራሁት እኔ ስለሆንኩ አልተቀየምኩም። ያለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል የቤንዚን ሞተሯ ገበያ መሃል ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ። መካኒኩ መጥቶ ኮፈኖውን ከፈተ፣ ትንሽ ነካካ፣ ከዚያ የሞተ ዘመድ ፊት እንደሚሸፍን ሰው ቀስ አድርጎ ዘጋው።

መካኒኩ የድሮ ተማሪዬ ነው። እሱም ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ ጋራዡ ከተማው መውጫ ላይ ነው። አሁንም ክፍል ውስጥ ያለን እየመሰለው ነው መሰል እስካሁን ሲያየኝ ከወንበሩ ይነሳል።

«መምህር፣ ይሄ ከእንግዲህ አይነሳም» አለኝ። «ግን ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ አንድ የናፍጣ ሞተር አውቃለሁ። ጤነኛ ነው። እሱን እንክተትላት።»

«ይገጥማል?»

«እንዲገጥም እናደርገዋለን።»

ይህን መልስ ፈተና ወረቀት ላይ ባገኘው ኖሮ ዜሮ እሰጠው ነበር። ከመካኒክ አፍ ስሰማው ግን ልቤ ሞቀ።

ባለቤቴ «ሽጣት» አለች። «ሞተሯን ብቻ እኮ ነው የምቀይረው» ስላት፣ «እግረ መንገድህን ስላንተም ጠይቀው፤ ከሚኒባስ የወጣ ጭንቅላት አይጠፋም» አለችኝ። አርባ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ጋቢዬን አንስቼ ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

እህቴን ዓይኗን ያመማት በዚያው ሰሞን ነው።

በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በእግር በምታስገባ መንደር ውስጥ ከልጇ ቤተሰብ ጋር ትኖራለች። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔን ትምህርት ቤት ሰደደች፤ እሷ እንስራ ተሸክማ ከምንጭ ቤት፣ ከቤት ምንጭ ስትመላለስ ልጅነቷ አለቀ። ስትቆጣ በአዊኛ፣ ስታሾፍ በአማርኛ ነው የምታወራው። እኔን በአብዛኛው የምታናግረኝ በአማርኛ ነው።

መስከረም ላይ ልጠይቃት ስሄድ ደጃፏ ላይ ከጎኗ የመጣ ጥጃ ገፍቶ ጣላት። ጥጃው ትንሽ አልነበረም። አላየችውም።

«ከፊቴ ያለውን አያለሁ» አለች አቧራዋን እያራገፈች። «ጎን ጎኑ ነው የጠፋብኝ። በበር ስንጥቅ እንደማየት ነው።»

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ አይታ «የዓይን ሐኪም ዳንግላ አለ። ሳትቆዩ ውሰዷት» አለችን።

ሳትቆዩ ነው ያለችው። ጆሮዬ ያን ጊዜ ደህና ነበር፤ በደንብ ሰምቻታለሁ።

የእህቴ ልጅ «ነገ ጠዋት እስከ አስፋልት በጋሪ፣ ከዚያ በሚኒባስ እንወስዳታለን» አለ። የከለከልኩት እኔ ነኝ። «መኪና ያለው ወንድም እያላት በጋሪ ስትንገጫገጭ? በየመነኸሪያው ስትጎተት? ሞተሩ በሁለት ሳምንት ይገባል። ከደጃፏ አንስቼ ሐኪሙ ደጃፍ አወርዳታለሁ» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጎረቤት እንዲሰማ። እህቴ ሳቀች። «እሺ፣ ባለ መኪናው እንዳለ ይሁን» አለች።

እውነት ደስ አለኝ። ያዘለችኝን ሴት አንድ ቀን ልሸከማት ነው ብዬ ነው ደስ ያለኝ። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማሳመር አይደለም። ያን ቀን ጥፋቱ እንዴት አምሮብኝ እንደነበር ለመናገር ነው።

ሞተሩ እንደተባለው በሁለት ሳምንት ገባ። አስነሳነው፤ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ፤ ተቃቀፍን። ችግሩ ከሞተሩ አልነበረም። ችግሩ ማብረዱ ነበር።

አስተማሪ ነበርኩና ዕድሉን ሳገኝ አላሳልፍም፤ በአጭሩ ላስረዳ። ሞተር ሲሠራ ይግላል። ውኃ በውስጡ እየዞረ ሙቀቱን ተሸክሞ ከፊት ወዳለው ራዲያተር ይወስደዋል። እዚያ ቬንትሌተሩ በንፋስ ያበርደዋል፤ የበረደው ውኃ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። በቃ ይሄው ነው። እንጅባራ ደግሞ በቀትር ጋቢ የሚደረብበት አገር ነው። እዚህ ሞተር ማብረድ ምን ያቅታል ብለን ነበር።

ሚኒባሱ ሲገለበጥ የራሱ ራዲያተር ተጨፍልቋል። ስለዚህ የድሮውን፣ የቤንዚኑን ሞተር ራዲያተር ተጠቀምን። የድሮው ሞተር የውኃ ቱቦው በግራ ነበር፤ የአዲሱ በቀኝ ሆነ። መካኒኩ የራዲያተሩን አንገት አስቆርጦ በሌላው ጎን አስበየደው። ቱቦው አልደርስ ሲለው ደግሞ ከሦስት መኪና የተቆረጠ ጎማ በብረት ቧንቧ እያያያዘ ቀጠለው።

«ይሄ ቱቦ ነው ወይስ የቤተ ዘመድ ጉባኤ?» አልኩት።

«እስከተስማሙ ድረስ ምን ቸገረን፣ መምህር።»

አልተስማሙም። ለሙከራ ወደ ግምጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ወጣን። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ከኮፈኖው ሥር ጭስ ወጣ። መካኒኩ የሙቀት መለኪያውን አየ፤ መርፌው ቀዝቃዛ ነኝ ይላል። ከፊታችን ድስት ይፈላል፤ መርፌው ግን እንደ ዳኛ ረጋ ብሎ ተቀምጧል። «መለኪያው ተበላሽቷል» አለ መካኒኩ። መለኪያው ተቀየረ። አዲሱም መርፌ እንደ አሮጌው ቀዝቃዛ ነኝ አለ፤ ውኃውም እንደ ትናንቱ ፈላ።

በዚያ እሑድ እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። የሄድኩት በሚኒባስ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። እሷን ለማየት በየሳምንቱ በሚኒባስ እየሄድኩ፣ እሷን በሚኒባስ አልወስድም የምል ሰው ነበርኩ።

«ባለ መኪናው በእግሩ መጣ» አለች ድምፄን ስትሰማ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ፊቴን ፈለገች። ባለፈው ሳትዳስስ ነበር ያገኘችኝ።

የመካኒኩ ቀጣይ ሐሳብ ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ ራቀ የሚል ነበር። አዲሱ ሞተር ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ አጭር ስለሆነ በመሃል አንድ ክንድ ክፍተት ቀረ፤ ንፋሱ በየጎኑ ያመልጣል። ንፋሱን ሰብስቦ ሁለቱን የሚያገናኝ ከፈፍ ያስፈልጋል፤ የላስቲኩ ከፈፍ ደግሞ የለም። መካኒኩ ጭንቅላቱን ሲያክ እኔ ከጋራዡ ማዶ ያለውን ሰው አየሁ። የቀርከሃ ወንበር እየሠራ አስፋልት ዳር የሚሸጥ ሰው ነው። ጠራሁት። መጥቶ ኮፈኖው ውስጥ አንገቱን አስገብቶ በክንዱ ለካ።

«ምን ሊቀመጥበት ነው?» አለኝ።

«ንፋስ።»

ለአፍታ ዓይኔን አየኝ። «እርስዎ ያስተማሯቸው ልጆች ምን ሆኑ?» ብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን አፉ ክብ፣ ሥሩ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ጉድ የሚያሰኝ የቀርከሃ ሥራ ይዞ መጣ። ንፋስ እንዳያሾልክ ባለቤቴ እንደ ጎተራ በጭቃና በእበት መረገችው፤ ስትመርግም «የመኪና ቤት ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው» ትል ነበር። የደረቀው ምርግ በመጀመሪያው ቀን ከቬንትሌተሩ ጋር ተጣልቶ መስታወቱ ላይ ተረጨ። በሁለተኛው በጨርቅና በሬንጅ ሸፈንነው። ዛሬም አለ። እንዲያውም በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን በትክክል የሠራ ያ ቀርከሃ ብቻ ነው። ውኃው ግን በሃያ ደቂቃ ይፈላ የነበረው በሠላሳ ደቂቃ መፍላት ጀመረ። ሌላ ለውጥ አላየንም።

እህቴ ኅዳር ላይ የበሩን መቃን በግንባሯ መታች። እብጠቱን በጣቷ እየነካች «ቤቱን ያጠበበው ማን ነው?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት።

ከዚያ ተልባው መጣ። የራዲያተሩ ብየዳ ማልቀስ ጀምሮ ነበር፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አንድ በጭነት መኪና ሾፌርነት ያረጀ ጎረቤት አለኝ፤ «ብየዳ ምን ያደርግልሃል? ተልባ ጨምርበት» አለኝ። «ጥሬውን ወቅጠህ አንድ እፍኝ። ቀዳዳውን ፈልጎ ይደፍናል። እኔ በተልባ ሁለት በረሃ አቋርጫለሁ።» ለመካኒኩ ብነግረው እንደሚከለክለኝ ስለገባኝ አልነገርኩትም። ባለቤቴን ብጠይቃት ጾሙ ደርሷል እንደምትል ስለማውቅ አልጠየቅኋትም። አንድ እፍኝ ብሎኛል፤ እኔ ሦስት ጨመርኩ። የጾም ተልባ ከዕቃ ቤት ሰርቆ መኪና የሚያጠጣ ሰው እፍኝ ይቆጥራል ብላችሁ አትጠብቁ።

ደፈነ። እውነትም ደፈነ። ቀዳዳውንም፣ ቀዳዳ ያልሆነውንም። ራዲያተሩ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች በሙሉ ተዘጉ። መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን ሲያስገባ እንደ ንፍጥ የሚሳብ ነገር ይዞ ወጣ። አሸተተው። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ማዶ ያለውን ወንበር ሻጭ አየሁ።

«መምህር» አለ በቀስታ፤ «ይሄ ተልባ ነው?»

«ምን አውቃለሁ።»

«በሙቅ ውኃ የሚያብጥ ነገር ምን ምን እንደሆነ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

«በደንብ አላስተማርኳችሁም።»

ራዲያተሩን ፈታትቶ፣ በሽቦ መስመር በመስመር ጠርጎ፣ እንደገና ለማስበየድ አንድ ወር ገደማ ፈጀ። በዚያ ወር እህቴ ከቤት መውጣት ተወች። የቀኝ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው፤ ግራው ደግሞ ያን ስንጥቅ ያህል ቀርቶታል። ልጇ አንድ ቀን ወደ ጎን ወስዶኝ፣ «አጎቴ፣ ጋሪው እኮ አለ» አለኝ። «በዚህ ሳምንት ያልቃል» አልኩት። ዓይኔን ሳላነሳ ነው ያልኩት።

ጥር ላይ አለቀ። ወይም ያለቀ መሰለን። ከተማ ውስጥ ሦስት ቀን ነዳኋት፤ አልፈላችም። ለጥ ባለ መንገድ፣ በብርድ፣ ከቤቴ እስከ ገበያ ድረስ መንዳት ሙከራ እንዳልሆነ አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ማወቅ ነበረበት። አላወቀም። በአራተኛው ቀን ማለዳ እህቴ መንደር ነበርኩ።

ደጃፏ ላይ ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር አምስት አምስት ሊትር የሚይዙ ሁለት ጀሪካኖች አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እታለም?»

«ውኃ ነዋ። በቅሎህ በየመንገዱ ትጠማለች ሲሉ ሰምቼ።»

ልጇ ደግፎ ከጎኔ አስቀመጣት፤ እሱ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣ። እንጅባራን አልፈን የዳንግላን መንገድ ያዝን። አንድ ዳገት ወጣን፤ ጫፉ ላይ ደርሰን ቁልቁል ስንጀምር እህቴ አንገቷን ወደ ፊት ሰገግ አደረገች።

«ምንድን ነው የሚንቦቀቦቀው?»

«ምንም አይንቦቀቦቅም።»

«ጆሮህም ጡረታ ወጣ?»

መርፌውን አየሁ። ቀዝቃዛ ነኝ ይላል። «መለኪያው ደህና ነው» አልኳት።

«መለኪያውን አልጠየቅሁህም።»

ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ጭሱ ወጣ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ወርጄ ኮፈኖውን ከፈትኩ። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ቁልቁለቱ ላይ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ታች እንደተደፋ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ያወራሁት ሙቀት ፊት ለፊቴ እየወጣ ነው፤ እኔ የማደርገው ነገር የለኝም። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ቢኖርም የምደውለው ለዚያው ለመካኒኩ ነው፤ እሱም የሚያውቀው እኔ የማውቀውን ነው። ወደ አዲስ ቅዳም ገበያ የሚሄደው ሰው በእግሩም በጋሪውም እያለፈን ይሄዳል። አንዱ ባለ ጋሪ ፈረሱን ሳያቆም «አባባ፣ ልጎትትዎት?» አለኝ። ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። የእህቴ ልጅ ከጭነቱ ላይ ወርዶ ጋሪውን በዓይኑ ሸኘው።

ሲበርድ ክዳኑን በጋቢዬ ይዤ ከፈትኩና ከእህቴ ጀሪካን ውኃ ጨመርኩ። ትንሽ ነው የወሰደው። ወዲያው አፉ ላይ ደረሰ።

«ሞላ» አልኩ።

«አልሞላም» አለች እህቴ ከውስጥ።

«እታለም፣ እያየሁት እኮ ነው። አፉ ድረስ ሞልቷል።»

«አፉ ሞልቷል። ሆዱ ባዶ ነው። አውርዱኝ።»

አወረድናት። ኮፈኖው አጠገብ ቆመች። «አፉ የቱ ጋ ነው?» አለች። ክዳኑ ብረቱ በርዶ ነበርና እጇን ይዤ እዚያ ላይ አደረግሁላት። «የሞተሩ ጫፍስ?» ጋቢዬን አጣጥፌ አልብሼ እጇን እዚያ ላይ አሳረፍኩላት። አንድ እጇን ራዲያተሩ አፍ ላይ፣ አንዱን ሞተሩ አናት ላይ አድርጋ እንደ ሚዛን ቆመች። የሞተሩ እጅ ከራዲያተሩ እጅ በአንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነበር።

«ይኸውልህ» አለች። «አፉ ከሆዱ በታች ነው። እንስራ ምንጭ ላይ አጋድመህ ስትቀዳ አፉ ጢም ይላል፤ አየሩ ግን ሆዱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ያ ነው ጉሉክ ጉሉክ የሚለው። አፉን ካላቀናኸው አይወጣም። ማን ነው እንዲህ ያለ እንስራ የሠራው?»

የቤንዚኑ ሞተር አናቱ ዝቅ ያለ ነበር፤ የናፍጣው ከፍ ያለ ነው፤ ራዲያተሩ ግን የድሮው፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ነው። ውኃው ልኩን ፈለገ። አየሩ ወደ ላይ ወጣ። መለኪያው ውኃ ውስጥ ሳይሆን አየር ውስጥ ስለተቀመጠ ቀዝቃዛ ነኝ አለ። ምንም አዲስ ነገር የለበትም። ዘጠነኛ ክፍል ነው። አራት ወር ሙሉ ንፋስ ስናሳድድ፣ ቀርከሃ ስናሠራ፣ ተልባ ስንሰርቅ፣ አንዲት ፊደል ያልቆጠረች፣ ዓይኗ የጠፋ ሴት ቆማ በሁለት እጇ አገኘችው። ከአራት ወር በፊት ያቺን ሴት እዚያ መኪና አጠገብ ባቆማት ኖሮ ያን ቀን ያልቅ ነበር። ልጠይቃት ግን አላሰብኩም። እሷ ተሳፋሪ ነበረች።

መኪናዋን አስነስተን አዞርናት። አፍንጫዋ ወደ ዳገቱ ሆነ፤ የእህቴ ልጅ ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ አደረገ። ሞተሩ እየዞረ ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። ጉሉክ አለ። ደግሞ ጉሉክ። አረፋ እየተፋ፣ እየጠጣ፣ እየተፋ አንዱን ጀሪካን ጨረሰ፤ ከሁለተኛውም ወሰደ። መርፌው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተኛበት ተነሳና መሃል ላይ ደርሶ ቆመ።

«አሁን ሞላ» አለች እህቴ፤ ጆሮዋን ብቻ አዘንብላ።

ዳንግላ እስክንገባ አልፈላችም። እውነቱን ልናገር፣ በቀረው መንገድ ሁሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ሳፏጭም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እህቴን «እናቴ»፣ እኔን «አባባ» እያለች ረጋ ብላ መረመረች። አንድ ጠብታ አደረገችላት፣ በመሣሪያ አየች፣ ዓይኗን በሆነ ነገር ነካ አድርጋ ለካች፣ ደግማ ለካች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«አባባ፣ ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ የሚዞር ውኃ አለ» አለች። «ይገባል፣ ይወጣል። መውጫው ሲዘጋ ግን ውስጥ ይጠራቀምና ግፊቱ…»

«ገብቶኛል» አልኳት።

«ቀስ ብዬ ላስረዳዎት?»

«አይ። በደንብ ነው የገባኝ።»

ቀኙ አልቋል አለች። ግፊቱ የሚያየውን ጅማት ገድሎታል፤ የሞተው አይመለስም። የግራው ጥቂት ቀርቶታል። መድኃኒት በየቀኑ ጠዋትና ማታ ከጨመርን ያለውን ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ የጠፋውን ግን አይመልስም። እህቴ ፊቷን ወደ ድምፁ አድርጋ ትሰማለች።

መጠየቅ አልነበረብኝም። ጠየቅሁ። «መስከረም ላይ መጥታ ቢሆንስ?»

ሐኪሟ የጻፈችውን ወረቀት አስተካከለች። «እንዲህ ይሆን ነበር ብሎ መናገር ይከብዳል» አለች። ወረቀቱን ሰጠችኝና «ምናልባት» አለች።

ስንመለስ ልጇ ከኋላ ነው፤ እኛ ሁለታችን ብቻ ከፊት። እህቴ ከቀኜ ተቀምጣለች፤ ስለዚህ የቀረችው የግራ ዓይኗ ወደ እኔ በኩል ናት። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «እታለም» አልኩ፤ «ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሻል?»

«ሰማሁ እንጂ። ደንቆሮ አይደለሁም፤ ዕውር ነኝ።»

«እኔ ነኝ እኮ…»

«አንተ ነህ» አለች። አላስተባበለችም፤ ታስተባብልልኛለች ብዬ ጠብቄ ኖሮ ነው መሰል ደነገጥኩ። «ጋሪው በየሳምንቱ ነበር። ልጄ ሁለት ጊዜ ፈረስ ጠምዶ ደጃፍ አቁሞታል። ተመለስ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«አንተ እንዲያ ጮክ ብለህ ለጎረቤት ከተናገርክ በኋላ በጋሪ ሄጄ ላሳፍርህ?»

ከዚያ በኋላ የሄድነውን መንገድ አላስታውስም። መኪናዋ አልፈላችም፤ ያን አስታውሳለሁ። ብትፈላ ይሻለኝ ነበር፤ የምሠራው ነገር አገኝ ነበር።

መካኒኩ በማግስቱ ከሞተሩም ከራዲያተሩም ከፍ አድርጎ አንድ ትንሽ የቆርቆሮ ማጠራቀሚያ ሠራ፤ ውኃ የሚጨመረው ከእንግዲህ በእሱ በኩል ነው፤ አየሩም የሚወጣው በእሱ ነው። ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

«ይሄን እኮ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን» አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «የተገናኙ ዕቃዎች ብለው፣ በቀይ ጠመኔ ሥለው።»

«ታዲያ ለምን አላስታወስክም?»

«እርስዎስ?»

ሁለታችንም ማዶ ያለውን የወንበር ሻጭ አየን።

አሁን በየማታው ጀምበር ሳትጠልቅ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የልጇ ሚስት ናት የምትጨምርላት፣ የማታው የእኔ ተራ ነው። ተራውን የለመንኩት እኔ ነኝ። መኪናዋ አንድ ቀን እንኳ አልፈላችም። እህቴ መደብ ላይ ጋደም ትላለች፤ የግራ ዓይኗን ሽፋን በጣቴ እከፍታለሁ፤ ብልቃጧን አስጠጋለሁ። እጄ ቦታውን ይስታል። ጠመኔ ስይዝ አይስትም ነበር። ትናንት የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጯ ላይ ወደቀች፤ ሁለተኛዋ አፍንጫዋ ላይ።

«ባለ መኪናው» አለች ሳትነቃነቅ፤ «አፌ አልቀና ይሆን?»

«ቀና በይ ትንሽ።»

አገጯን ወደ ላይ አነሳች። በዚያች በቀረችው ስንጥቅ ወደ እኔ እያየች ጠበቀች። እጄን በሌላው እጄ ያዝኩት።